የጋሽ አስረስ የዝግባ ፍሬ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን ዐዋቂ ይመደባል፤ መዳቢው ማን እንደሆነ ብቻ አይታወቅም። ለመካኒሳዋ አምሳለ የደረሷት ጎረቤት ክቡር አቶ አስረስ ናቸው። ሐኪሙን ስለ ጉንፋን፣ ሾፌሩን ስለ ፍሬን ያርማሉ። በአምሳለ ሠርግ ቄሱን ሳይቀር አርመዋል። «እኔ ልንገርሽ» ካሉ፣ ወጥ የጣደች ሴትም ቆማ መስማት ነው ዕጣዋ።

ጉባኤያቸው በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ዝግባ ሥር ነበር። በ1986 ዓ.ም. በጋ ዝግባው ለመንገድ ሲቆረጥ፣ አምሳለ «ተገላገልኩ!» አለች። እሳቸው ግን የወደቀውን ፍሬ ለቃቅመው ስፌድ ላይ አሰጡት። «ዛፉን መልሼ አበቅለዋለሁ» አሉ።

አንድ ጠዋት ስፌዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ አይጥ መጥቶ ፍሬውን አንድ ሳያስቀር ወስዶታል።

«መርዝ ላድርግ፣ ጋሼ?»

«አይሆንም! እኔ ልንገርሽ፣ የጫካ አይጥ በጥቢ ሁሉ ሲተርፈው ያገኘውን እዚያው ይበላል። በጋው ሲገፋ ግን ለክፉ ቀን ብሎ እየወሰደ ይቀብራል። አንዳንዱን ይረሳዋል፤ የተረሳው ክረምት ሲገባ ይበቅላል።»

«ታዲያ የእርስዎን በላው ወይስ ቀበረው?»

ጋሽ አስረስ ባዶውን ስፌድ አነሡ። «እሱን እንኳ አላውቅም» አሉ።

አላውቅም! አምሳለ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው መሬት መሬቱን እያዩ በግቢው ከመዞር በቀር ቃል አልወጣቸውም። የተመኘችው ጸጥታ መጣላት፤ ቀኑ ግን አልገፋ አላት።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ ልብስ ልታሰጣ ብትወጣ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቀጭን ቅጠል ያላት ችግኝ ብቅ ብላለች። አይጡ ከግቢዋ ሁሉ መርጦ የቀበረው እዚያ ነው። ብትነቅላት ማንም አያያት፤ የዕድሜ ልክ ሰላሟን ታገኛለች። ገመዱን ፈታ ሌላ ቦታ ወጠረችው፤ ችግኟን ዶሮ እንዳይጭራት ቅርጫት ደፋችባት። ከዚያ በአጥር ላይ ተጣራች።

ጋሽ አስረስ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምነው ዝም አሉ፣ ጋሼ?»

«እኔ…» አሉና እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «እኔ ልንገርሽ፣ አምሳለ…»

ወጧ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ነው። ሮጣ ገባችና ሁለት በርጩማ ይዛ ወጣች።

«ይንገሩኝ» አለች፣ እየተቀመጠች።