ኡስታዝ ባድሩና የቅሬው ዳስ

ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የቀረችው ቦታ አንዲት ነበረች፤ እሷም ከክቡር ኡስታዝ ባድሩ ጎን። ተሳፋሪው ለምን እንደተዋት ገባኝ፤ ከጎኑ የተቀመጠ እስከ ደሴ ስለ ኮምፒዩተር ሲሰማ ነው የሚሄደው። ላፕቶፑን በሽርጥ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎታል። ከወዲያኛው ጎኑ ተማሪው የሆነችው ሳጂዳ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«የኮምፒዩተር ብቃት ምዘና ልትፈተን ነው» አለኝ ባድሩ በሹክሹክታ። «ካለፈች መድኃኒት ቤት ሥራ አላት። ከወደቀች አጎቷ ጅዳ ለሥራ ሊልካት ፓስፖርት አውጥቶላታል።»

በየከተማው መጀመር እንጂ መጨረስ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ቤት ጀምሮ መሠረቱ ላይ ሣር ያበቅላል፤ የኛው ሰው የሚጀምረው ፕሮግራም ነው። ለውጡ በመጣበት ዓመት፣ አገሩ ሁሉ አዲስ ነገር ልጀምር ሲል፣ እሱም የፎቶ ኮፒ ቤቱን በመጋረጃ ከፍሎ «የዴስክቶፕ ሶፍትዌር ማሠልጠኛ» ብሎ ጻፈበት። እኔም ተመዘገብኩ። በተማርኩበት ጊዜ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ የሠራነው ፕሮግራም አንዲት መስኮት ስትከፈት አላየሁም።

ምክንያቱም ኡስታዝ ከኢንተርኔት ሶፍትዌር ማውረድ ይወዳል። አውርዶ ሳይጨርስ ኢንተርኔቱ ይዘጋል፤ ሲከፈት ያወርዳል፤ ጭኖ እጁን ሲያራግፍ አዲስ እትም ወጣ ይባላል። «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ይለናል፣ «አሮጌ ይዘን ምን እንሠራለን? ከመሠረቱ እንጀምራለን።»

ማብራሪያውን ግን ማን ይችለዋል።

«ፍሬምወርክ ማለት የቅሬ፣ የዕድር ዳስ ነው። ሰርግ ስትደግስ ቋሚ ትጠርባለህ? አግዳሚ ትሠራለህ? ዳሱም ድስቱም የሰፈሩ ቅሬ ዘንድ አለልህ። አንተ ሙሽራህን ይዘህ ና።»

«ታዲያ የኔ ሥራ መቼ ነው?» አለው አንድ ቀን አብሮን የሚማረው መምህር ዝናው።

«ቅሬው ሲጠራህ ነዋ። አንተ አትጠራውም፣ እሱ ይጠራሃል። ከቀረህ ትቀጣለህ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ክላስ ማለት የፕሮግራም ንድፍ ነው፤ ድግስ የሚባል እናት ክላስ አለ። ዳሱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ዘፈኑ እሱ ላይ ይጻፋል። የእስላም ድግስና የክርስቲያን ድግስ ልጆቹ ናቸው። ሁሉን ከእናታቸው ይወርሳሉ፣ ሥጋውን ብቻ ለየራሳቸው ይጽፋሉ።» እኔ ሰርግ ላይ መጥገብ የምወድ ሰው ሆኜም ተሰላቸሁና ቀረሁ።

ከዚያ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። ሸሽተን ስንመለስ ከባድሩ ማሠልጠኛ የቀረው መጋረጃው ብቻ ነው። ሳጂዳ ለፈተና ብላ ስትለፋበት የከረመችው ፕሮግራም ከኮምፒዩተሩ ጋር ሄዷል። መብራት የለም። ባለሱቁ ባዶ መደርደሪያውን፣ አስጋሪው የተቀዳደደ መረቡን እያየ ከየት ልጀምር ይላል። ከተማው በሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲተክዝ፣ ያልደነገጠ ሰው ባድሩ ብቻ ነበር። ከባዶ መጀመር ለሱ ምኑ ነው? ሙያው ነው።

«አብሽሪ» አላት ሳጂዳን። «ከመሠረቱ እንጀምራለን።» መብራት እስኪመለስ ግድግዳው ላይ በከሰል እየጻፈ አስተማራት። ላፕቶፑን ከየት ተውሶ እንዳመጣ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

ሚኒባሱ ደሴ ሲያደርሰን ጉዳዬን ትቼ ከፈተናው ግቢ በር ላይ አብሬው ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አልጠየቀኝም፤ ስለ አዲሱ እትም ነገረኝ።

ሳጂዳ ከቀትር በኋላ ወጣች።

«ኡስታዝ፣ ባዶ ስክሪን ሰጥተው ሥሩ አሉን። ሌሎቹ የለመዱትን ፋይል ሲፈልጉ ዋሉ። እኔ መቼም ከባዶ በቀር የማውቀው የለኝ። መስኮቷ ተከፈተች።»

«ምን ሠራሽ?»

«ድግስ። ሥጋውን በሁለት ቁልፍ፣ አንዱን ለእስላም አንዱን ለክርስቲያን፣ ለየሁት። ፈታኙ ስቆ ‹የወሎ ልጅ ነሽ› አለኝና አለፍሽ አለኝ።»

ባድሩ ፊቱን አዙሮ በደንብ የታሰረውን የላፕቶፑን ሽርጥ ፈትቶ እንደገና ያስር ጀመር። እኔም ወደ መንገዱ አየሁ።

ስንለያይ፣ ትምህርቱን በማቋረጤ እንደቆጨኝ ነገርኩት። ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አብሽር ወንድምዓለም፣ ነገ ና። ምንም አላመለጠህም፤ አሁንም መጀመሪያው ላይ ነን።»