«ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» ባዩ ሸማኔ

ሰው የሚሠራበት ቤት ሁሉ አንድ ምስጉን አያጣም። ምስጉን ብቻ ቢሆን እንኳ ይቻል ነበር፤ የማይቻለው ሲመሰገን የሚሽኮረመመው ነው። «ጎበዝ» ሲሉት አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ፤ ክብሩ ለጌታ ይሁን» ይላል። ሰውም ይህን ሲሰማ ምስጋናውን እጥፍ አድርጎ ያሸክመዋል። አጠገቡ ያለው ምስኪን ደግሞ ጥርሱን ነክሶ ይሰማል።

ሽሮ ሜዳ ባለው የሸማኔዎች ማኅበር ሼድ ውስጥ ምስጉኑ ክቡር እንድርያስ ነው፤ ጥርሱን የሚነክሰው ጌቱ። ጌቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የከፋው የጎረቤት ዕጣው ነው። እግራቸውን ከተው የሚሸምኑባቸው ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ናቸው። እሁድም ዕረፍት የለውም፤ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን አንድ ነው። ፓስተሩ ስለ ትሕትና ሲሰብኩ ጣታቸው ወደ እንድርያስ ይቀሰራል፤ ጌቱም እዚያው አግዳሚ ላይ ስለሚቀመጥ ጣቱ በአፍንጫው ሥር ያልፋል።

ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «እንድርያስ የለም እንዴ?» ነው። ከሌለ «በቃ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ጌቱ መወርወሪያውን እንደያዘ እዚያው ቁጭ ብሎ ሳለ። አንድ ቀን ይህን ለሚስቱ ለሰርኬ ቢያጫውታት፣ ከልቧ አዘነችለትና «ግን እኮ እውነትም ጎበዝ ነው» አለችው። ያን ዕለት እራቱን ሳይነካ ተኛ።

ቅናት ሥራ ያስፈታል ይባላል፤ ለጌቱ ግን ተጨማሪ ሥራ ሆነለት። እንድርያስ ዛሬ ነገ ይሳሳታል እያለ ይጠብቀው ጀመር። የበዓል ገበያ ሲደርስ ሁሉም ማጉን እያሳሳ ነጠላውን ቶሎ ያደርሳል፤ ያ ሰው ግን እንደ ወትሮው እያጠበቀ ይመታል። አንድ ጊዜ የሙሽራ ቀሚስ ጥለት ሲሠራ አረንጓዴው ክር አለቀበትና ሌላ ተገዛ። አዲሱ ገብቶ ክንድ ያህል ከተሠራ በኋላ እንድርያስ ምን እንደታየው እንጃ፣ ሁለቱን ክሮች ይዞ ወጣና ፀሐይ ላይ ሲያስተያያቸው ቆየ፤ ከዚያ ተመልሶ ያን ሁሉ ፈታው። ጌቱ «ለታይታ ነው» አለ በሆዱ። በነጋታው ግን ማንም ሳያየው ክሮቹን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ተመለከታቸው። በእርግጥም ይለያያሉ። ይሄ ደግሞ የበለጠ አናደደው።

የጠዋቱ ነገር ከሁሉም ይብሳል። እንድርያስ ሼዱ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። ጌቱ ክር ይሰርቅ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ፤ እንደውም እውነቱን ለመናገር፣ ቢሰርቅ ደስ ባለው። አንድ ቀን የእንጦጦ ጭጋግ ሳይገፈፍ ሄዶ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። እንድርያስ የራሱ ጉድጓድ ውስጥ የለም። ዓይናቸው የደከመው የጋሽ ስብሐት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ የጥለታቸውን ክር አንድ በአንድ እየለየ ይጀምርላቸዋል። ሌሎቹ ሲመጡ ምንም እንዳልሠራ ሰው ቦታው ላይ ተገኘ። ጌቱ ያየውን ለማንም አልተነፈሰም። በገዛ አፉ ምስጋና ሊጨምርለት ነው እንዴ?

ዘንድሮ የብቃት ምዘና መጣ። ሁለቱም ተመዘኑ፤ ሁለቱም «ብቁ» ተባሉ። ጌቱ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ተደስቶ አያውቅም፤ በመንግሥት ማኅተም እኩል ሆኑ። ደስታው ግን አልበረከተም። መዛኟ ሮሃ፣ በሥራ ቦታው ከሌሎች በልጦ ለተገኘ ሰው ከ«ብቁ» በላይ «የላቀ» የሚባል ደረጃ መጀመሩን ነገረቻቸው። ይህን ያገኘ የማኅበሩ አሰልጣኝ ይሆናል፤ መስካሪዎቹም አብረውት የሚሠሩት ናቸው። ጌቱ አሰልጣኝነቱን በሕልሙ ሁሉ ይመኘው ነበር። ሼዱ ግን በአንድ አፍ አንድ ስም ጠራ።

ሮሃ ሰውየው ምን የተለየ ነገር እንደሠራ ጠየቀች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቶለሳ ትሑት ነው አለ። ክር የምታቀርበው ደሳለች እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው አለች። ሮሃ ደግነት ነጥብ እንደሌለው፣ የምትፈልገውም በዓይን የታየ ሥራ እንደሆነ አስረዳች። ሌላ የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ ወደ ራሱ ወደ እንድርያስ ዞረች።

«እስቲ እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ።»

እንድርያስ አንገቱን ሰበረ። «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» አላት።

ሮሃ እስክሪብቶዋን ከደነች።

የጌቱ ልብ በደስታ ዘለለች። ወዲያው ግን አንድ ነገር ቆረቆረው። እንድርያስ እንደማንም «ብቁ» ብቻ ከሆነ፣ ጌቱ ይህን ሁሉ ዓመት በማን ሲቃጠል ኖረ? እራቱን ጥሎ የተኛው ለተራ ሰው ኖሯል? ይህ ውርደት ከምስጋናው ባሰበት።

«ቆዪ እህቴ» አለ። «እ... ማለቴ፣ እኔ ልናገር።»

የማጉን ተናገረ፤ የአረንጓዴውን ክር ተናገረ። ድምፁ የከሳሽ ነበር፤ ሮሃም መጀመሪያ ክስ መስሏት ነበር። የጠዋቱን ነገር ሲጀምር ግን ዓይኑ ከጋሽ ስብሐት ዓይን ጋር ገጠመ፤ ስማቸውን ዋጠና «ለአንድ ሰው» ብሎ አለፈው።

ጋሽ ስብሐት ከጥጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጥለቴን ማን እንደሚጀምርልኝ መቼ ጠፋኝ።»

ሮሃ እስክሪብቶዋን እንደገና ከፍታ ጌቱን፣ «ሌላው ያላየውን እርስዎ እንዴት አዩ?» አለችው። ጌቱ የሚሸሽበት አጣ።

«ከእሱ ላይ ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም» አለ።

እንድርያስ «የላቀ» መባሉ የተሰማ ዕለት ሼዱ በእልልታ ተናወጠ። ቶለሳ አቀፈው፤ ደሳለች እያለቀሰች ሳመችው። ምስጉኑ እንደ ልማዱ አንገቱን ሰብሮ፣ «ኧረ እኔ ምን ሠ...» ሲል ጌቱ ከጎረቤት ጉድጓድ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«እሱን እኔን ጠይቀኝ» አለው።