የእሜቴ ሰነድ ግዛት

ሰነድ አምላኪ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ቤቱ ሲቃጠል ሌላው ውሃ ያመላልሳል፤ እሱ የእሳቱን መነሻ የሚሞላበት ቅጽ ያባዛል። ጭቆና በጠመንጃ ብቻ ይመጣል ያለው ማን ነው? በስቴፕለርም ይመጣል!

የኮሌጁ የጽሑፍ ማገዣ ክፍል እንዲህ ላለ ገዢ የገበረ ነው። አስጠኚዎቹ «እሜቴ ሰነድ» ይሏቸዋል። እሜቴ በሩ አጠገብ ተሰይመው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ለገባ ለወጣው «ያልተጻፈ አልተደረገም!» ሲሉ ይውላሉ።

ወጣቷ አስጠኚ በሳቸው ነገር ደሟ ይፈላል። ተማሪ የጽሑፉን መግቢያ አንብቦላት ሳይጨርስ እሜቴ ከጀርባዋ ይቆማሉ።

«የመጣበት ምክንያት ተሞላ?»

«እየጠየቅሁት እኮ ነው።»

«ጠይቀሽ ስትጨርሺማ ትረሺዋለሽ፣ የኔ ልጅ።»

አንድ ቀን፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት እየሠራች በነፃ የትምህርት ዕድል የምትማር አንዲት እናት ጽሑፉ አልሆን ብሏት አለቀሰች። አስጠኚዋ አቅፋ ታባብላት ጀመር። እሜቴ መሐረብ አቀበሉ፤ ወዲያውም፣ «ለቅሶውን የት ረድፍ ላይ እናስፍረው? ‹ሌላ› በይው።»

«እትዬ፣ ለማዘንም ቅጽ አለ?»

«ጠይቀን ነበር፤ አልተፈቀደልንም። ድክመቷንም ሳታለሳልሺ ጻፊ፤ የሚቀጥለው አስጠኚ ከየት ይጀምር?»

አስጠኚዋ ጥርሷን ነክሳ ጻፈች፦ «ሐሳቧን ማያያዝ አትችልም።»

ሳምንት ሳይሞላ የዲኑ ረዳት ከረባቱን እያስተካከለ ከች አለ። «እዚህ ስለሚመላለሱት ተማሪዎች የያዛችሁትን ማስታወሻ እፈልጋለሁ። ነፃ ዕድሉ ለደካማ መባከኑ ይብቃ ተብሏል።»

አስጠኚዋ የጻፈችው መስመር ትዝ አላት። ለዚያች ምስኪን ማነቂያውን የፈተለችው በገዛ እጇ ነው። እሜቴን በዓይኗ ልትበላቸው ደረሰች፦ ይኸው፣ ጻፊ ጻፊ ሲሉ የከረሙት ለዚህ ነው!

እሜቴ ፈገግ አሉ። «በደስታ፣ ጌታዬ። ጥያቄዎ በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

«ነገርኩዎት እኮ!»

«እኔ የማየው ወረቀት ነው። ዓላማ የሚለው ላይ ‹ተማሪ ለማባረር› ይበሉና ከሥር ይፈርሙ። ዲኑም ይፈርሙበት። ከዚያ የእያንዳንዱን ተማሪ ፈቃድ ያያይዙልኝ።»

«እኔን ይጠራጠሩኛል?»

«ኧረ በጭራሽ! ነገ ‹ማን አዘዘ?› ሲባል እርስዎ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

ረዳቱ እስክሪብቶ አነሣ። «ለማባረር» የሚለውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ስሙን ከሥሩ ሊያኖር? እጁ አየር ላይ ቀረ። ስልኬ ጠራ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ ግን ትንፍሽ አላለም። በዚያው ቀረ።

«እትዬ፣ የዚያችን እናት ዕድል አዳኑላት እኮ!»

«ሥርዓት ነው ያስከበርኩት» አሉ እሜቴ ቆጣ ብለው። ውሃ ሲቀዱ ግን ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። ለካ ፈርተው ኖሯል።

አስጠኚዋ ደርሳ ጠረጴዛውን ጠረገችላቸው። እሜቴ ጨቋኝ መሆናቸውን ዛሬም በአደባባይ ትምላለች። ሌላ ሰው ቀድሟት ሲያማቸው ከሰማች ግን፣ ያ ሰው ወዮለት።