ተራ ቁጥር ሰባት

ፎርም መሙላት የማይወድ ሰው አይገባኝም። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ። ሳላጠና የምመልሰው ጥያቄ ከዚህ ሌላ የት አገኛለሁ? ዕድሜዬን እንኳ እናቴና የልደት ካርዴ አይስማሙበትም። እንግዲህ ስምና ፆታ ቀሩ። እነሱም ቢሆኑ አንዳንዴ ያጣላሉ። እንዴት አትሉኝም?

ነገሩ የሆነው በሲዳማዋ ባለ ሐይቅ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቆየን። እኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ዲግሪ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተርን የተማርኩት ከራሱ ከኮምፒውተሩ ነው፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ሰው ሳያየኝ እየጠገንኩ። ያወቅኳትን ደግሞ ለሰው ካላስረዳሁ ትከነክነኛለች። ታገሡኝ፣ ዛሬም ላስረዳ ነው።

ኢንተርኔት የገባልን ሰሞን፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሡና «ልጆቻችን እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያዩ ማን ያውቃል?» አሉ። ማንም አያውቅም። እኛ ደግሞ የማናውቀው ነገር ሲገጥመን ምን እናደርጋለን? ኮሚቴ እናቋቁማለን! ሰብሳቢው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ታደሰ፣ ጸሐፊዋ የሥነ ዜጋ መምህርቷ ቲቸር አስቴር፣ የቴክኒክ አባል እኔ ሆንን። ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን ከመኪናቸው የማያወርዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ቲቸር አስቴር የጸሎት ቤት ዘማሪ ናቸው። ሁለቱ ስለ ሻይ ሰዓት እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ብልግና አይግባ በሚለው ላይ ግን አንድ ልብ ሆኑ።

እኔም አስረዳኋቸው። ማጣሪያ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መጥፎ ቃላት ዘርዝራችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ቃሉ ያለበትን ገጽ ሁሉ ይዘጋል። ትርጉም አያውቅም፣ የሚያውቀው መልክ ነው። ልክ እንደ ዘበኛችን። ዘበኛችን «ኮፍያ ያደረገ እንዳታስገባ» ተብለው፣ ስለ መንገድ ደህንነት ሊያስተምር የመጣውን ትራፊክ ፖሊስ በር ላይ ኮፍያውን አስወልቀውታል። ሰውየው ራሰ በራ ነበር። ያን ቀን ተማሪው ስለ ዜብራ የሰማው ነገር የለም።

ችግሩ፣ መጥፎዎቹን ቃላት ማን አፉን ሞልቶ ይጥራቸው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን፤ አንድ ቃል አልወጣም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። በመጨረሻ እያንዳንዳችን የምናውቃቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ አጣጥፈን እንድናስገባ ተወሰነ። (የማን ወረቀት እንደሆነ አልናገርም እንጂ አንዱ ሰው ብቻውን ዘጠኝ ቃል ያውቅ ነበር።) ጋሽ ታደሰ ቢሯቸውን ዘግተው በአንድ ጣት ወደ ማጣሪያው አስገቧቸው። የይለፍ ቃሉንም ራሳቸው ያዙ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አሥራ ስድስት ቃላት ተለይተው ታግደዋል» ተብሎ ተጻፈ። የትኞቹ? እሱ አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በኢንተርኔት እስኪለቀቅ ድረስ።

ያን ዕለት ደስታ እየሮጠች መጣች። ደስታ በዚያ ዓመት የተፈተነች ተማሪያችን ናት። መሃል ከተማ መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔት ቤቶቹ ተዘግተዋል። እኛ ጋ ጄኔሬተር አለ። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ ሊቀጥራት፣ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መጥታ ካልፈረመች ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነግሯታል። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ነው። ከወደቀች ሥራው እንዳያመልጣት። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

የፈተና ቁጥሯን አስገባሁ። ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበና «ይህ ገጽ ለተማሪዎች ሥነ ምግባር ሲባል ተዘግቷል» አለ።

ደስታ አፈጠጠችብኝ። «ውጤቴ ይህን ያህል ያሳፍራል እንዴ?»

ያኔ ገባኝ። የውጤት ገጹ በእንግሊዝኛ ነው። ከስም ቀጥሎ ፆታ ይላል። የፆታ እንግሊዝኛው ደግሞ ያቺ ሦስት ፊደል ያላት ቃል ናት። እናቴ ይህን ስለምታነብ አልጽፋትም፤ ታውቋታላችሁ። እኛ «ፆታ» ብለን ንጹሕ ቃል አለን፤ ለሌላው ነገር ሌላ ቃል አለን። እንግሊዞች ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። ሀብታም አገር፣ ደሃ ቋንቋ!

ደስታን አስከትዬ ወደ ጋሽ ታደሰ ቢሮ በረርኩ። ቲቸር አስቴርም እዚያው ነበሩ።

«ጋሼ፣ አንዷን ቃል ከዝርዝሩ እናውጣት።»

«የቷን?»

«ሦስት ፊደል ያላትን።»

«ሦስት ፊደል ያላቸው አራት ናቸው።»

«ፎርም ላይ... ከስም ቀጥላ የምትመጣዋን።»

ጋሽ ታደሰ ደስታን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ውጪ ጠብቂ።»

«ጋሼ፣ እኔኮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስሞላት ነው የኖርኩት!» አለች ከበሩ ሳትነቃነቅ።

ቲቸር አስቴር ደግሞ፣ የታገደ ቃል ያለ ቃለ ጉባኤ አይነሣም አሉ። መዝገቡን ገለጡ፣ እስክሪብቶ አነሡ፣ ቆሙ። «ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲጨንቃቸው በሲዳምኛ ነው የሚጸልዩት፤ ጀመሩ። ጄኔሬተሩም ማስነጠስ ጀመረ፤ ነዳጁ ሊያልቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እኛስ ስሙን የደበቅነው?

«ስንተኛ ላይ ናት?» አልኩ ጨንቆኝ።

ጋሽ ታደሰ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባተኛ።»

«ተራ ቁጥር ሰባት ትነሣ በሉኣ!»

የሁለቱም ፊት በራ። «ተራ ቁጥር ሰባት እንዲነሣ ተወስኗል» ተብሎ ተጻፈ፣ ተፈረመ። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ጋርደው የይለፍ ቃሉን መቱ። የደስታን ቁጥር እዚያው በእሳቸው ኮምፒውተር አስገባሁ፤ ገጹ ተከፈተ።

ደስታ ነጥቧን አየች። የሴቶቹን መግቢያ አልፋለች! ያኔ የሴቶች መግቢያ ነጥብ ከወንዶቹ ዝቅ ያለ ነበር። እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ዓይኗ በዚያችው ቃል ትይዩ አረፈ። ወንድ ይላል። ወንድ ከሆነች ደግሞ በጥቂት ነጥብ ወድቃለች።

«ለፈተና ድርጅቱ የላክነውን የተፈታኞች ዝርዝር ማን ነው የጻፈው?» አሉ ቲቸር አስቴር።

ማን ይሆን? እኔ ነኛ! ኮምፒውተር ላይ ወንድ የሚለውን አንዴ ጽፎ ወደ ታች መጎተት የሚባል ዘዴ ራሴን አስተምሬ ነበር። ደስታ ደግሞ በደረጀና በዳንኤል መሀል ነበረች። አብሬ ጎትቻታለሁ። በሕይወቴ ለማስረዳት ያልቸኮልኩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን አዩ። አሥር ተኩል። «ልጄ፣ ለፈተና ድርጅቱ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ይስተካከላል።»

«ሆቴሉን ልተወው ጋሼ? እርግጠኛ ነዎት?»

«ተዪው።»

እሷም ቁጭ አለች። አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ቢሮ ውስጥ አለፈ። (ኋላ ተስተካክሎላት ገብታለች፤ አትጨነቁ።) ያን ቀን ግን ሁላችንም ጨንቆናል። ጋሽ ታደሰ አቀርቅረው «ጉዳዩ፦ የተማሪ ደስታን ፆታ ወደ ሴትነት ስለመመለስ» ብለው ጻፉ፣ ማኅተም አሳረፉ። ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፣ ቃለ ጉባኤ ይያያዝ ተባለና ኮሚቴው እዚያው ተሰበሰበ። ተማሪ ደስታ ሴት ናት የሚል እጁን ያውጣ። ሦስታችንም አወጣን። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ሲሉ ቲቸር አስቴር፣ ደስታም እጇን አውጥታ ነበር።

ጋሽ ታደሰ በመነጽራቸው ሥር አዩዋት። «አንቺ አውርጂ» አሉ። «ተማሪ ድምፅ የለውም።»