ፍልፈል ከማን ወገን ናት?

የተማረ ሰው የሚጣላው ሲያጣ የአይጥ ዘር ይቆጥራል! አትሳቁ፤ እኔው ራሴ ቆጥሬ ጉድ ልሆን ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ቢቸና የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ጓደኛዬ ጌታሁን ደግሞ ሞጣ ያስተምራል። የእኔ መጽሐፍ ፍልፈልን ከአይጥ ቤተሰብ ይጨምራታል፤ የእሱ መጽሐፍ ደግሞ "የለም፣ የራሷ ቤተሰብ አላት" ይላል። በዚህ ስድስት ወር ሙሉ በደብዳቤ ተጨቃጨቅን። ፈረንጆቹ ሊቃውንት ራሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር እኛ ልንጨርሰው!

በመጨረሻ ጌታሁን በጭነት መኪና ተሳፍሮ ከች አለ።

"ጥርሷን አይተን፣ የጉድጓዷን ርዝመት ለክተን ይለይልን!"

ፍልፈል የሞላው ደግሞ የት ነው? ባላምባራስ ውብነህ ማሳ ላይ! ባላምባራስ ማለት... ልጃቸውን እናኑን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ብልክባቸው፣ "እናስብበት" ብለው ሦስት ሳምንት በጭንቀት ያከሱኝ ሰው ናቸው። እናኑን ካጣሁ መኖሬንም እንጃ፤ ይህን ስነግራችሁ እየቀለድኩ አይደለም።

በማለዳ ሄድን። ጌታሁን አንዲት ፍልፈል ይዞ ከረጢት ውስጥ ከተተ። ከዚያ የሜትሩን አንድ ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ማሳው ላይ ዘረጋነው። ያኔ በጎጃም በሰው ማሳ ላይ ሜትር መዘርጋት ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ? "መሬታችንን ለክተው ግብር ሊጭኑብን መጡ!" ማለት ነው። ቀና ስል ባላምባራስ ጠመንጃቸውን ደግነውብኛል።

"አንተ መምህር! የማንን ርስት ነው የምትለካው?"

"ኧረ ጌታዬ... የፍልፈል ጉድጓድ ነው!"

"ፍልፈልም ግብር ልትከፍል ነው?"

ላብ በላብ ሆኜ ክርክሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁ። ጌታሁን ለማስረጃ ጥርሷን ላሳይ ሲል ፍልፈሏ ጣቱን ዘነጠለችው። ባላምባራስ ጠመንጃቸውን ተደግፈው እንደ ዳኛ አዳመጡ።

"አይጥ የምትበላው የማንን ነው?"

"የእርስዎን።"

"ፍልፈልስ?"

"እሷም... የእርስዎን።"

"እንግዲያው የእኔን የሚበላ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ተፈርዷል! አሁን ከማሳዬ ውጡልኝ።"

ሜትሩንም ተስፋዬንም ጠቅልዬ መንገድ ስጀምር ከኋላዬ ጠሩኝ።

"አንተ!"

"አቤት ጌታዬ!"

"ሽማግሌዎችህን እሑድ ላካቸው። ይህን ሁሉ አይጥና ፍልፈል የቀለብኩ ሰው፣ አንድ አስተማሪ ቢጨመርብኝ ምን እጎዳለሁ?"