ሁሉ ነገራቸው ሁለት የሆነው ኔኔ ቪርጂል

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ «ይሄ ቢሞትስ?» እያለ የሚጠይቅ አንድ ሰው አለው። የሌለው መሥሪያ ቤት ካለ እስካሁን ተዘግቷል ማለት ነው። ሩማንያ ውስጥ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለው የኛው የብራይላ የጀልባ ጭነት ድርጅት ኢንጂነር ቪርጂል አሉት። ታላቃችን ስለሆኑ ሁላችንም «ኔኔ ቪርጂል» እንላቸዋለን፤ ጋሼ እንደማለት ነው።

ክቡርነታቸው ሱሪያቸውን በቀበቶም በትከሻ ማንጠልጠያም ይታጠቃሉ። ጃንጥላ የሚይዙት ሁለት ነው፤ ሲዘንብ አንዱን ይዘረጋሉ፣ ሌላው ብብታቸው ሥር ደርቆ ተራውን ይጠብቃል። እኛ ዘንድ የስሙ ቀን፣ ማለትም ስሙን የወረሰው ቅዱስ በዓል፣ የደረሰለት ሰው ቸኮሌት ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። እሳቸው ሲዞሩ ያልተከፈተ ሌላ ሳጥን በጀርባቸው ደብቀው ነው። ሁለት ያላደረጉት ሚስታቸውን ወይዘሮ ፓራስኪቫን ብቻ ነው ይባላል። ሂሳብ ክፍል ያለችው ቬታ ግን እሱንም አትተዋቸውም፤ ሚስታቸውን አስፈቅደው እምቢ ስላሏቸው ነው ትላለች።

ከሁሉ በላይ የሚሳቅባቸው በሰርቨሮቹ ነው። ነገሩን እኔ እንደገባኝ ልናገር። ኮምፒውተር ጠዋት ሲነቃ አድራሻውን አያውቅም። «እኔ ማነኝ?» ብሎ በሽቦው ውስጥ ይጣራል። ይህን የሚሰማ ሰርቨር አለ፤ ከያዛቸው ቁጥሮች አንዱን ያውሰዋል። ያን ቁጥር ካላገኘ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ወረቀት አይታተምም፣ ጀልባም ከወደብ አይነቃነቅም። ሌላው ድርጅት እንዲህ ያለ አዳይ አንድ ይበቃዋል። ኔኔ ቪርጂል ሁለት አላቸው፤ አንዱ ታች ከኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ጎን፣ ሌላው ላይ ጣሪያው ሥር። ቁጥሮቹን እኩል ተካፍለው ቀኑን ሙሉ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። አንድ ቀን ሰው አለመኖሩን አይቼ ጆሮዬን የታችኛው ሰርቨር ሳጥን ላይ አስጠጋሁ። የሚሰማው ማራገቢያው ብቻ ነው። ቢሆንም ቆቤን አወለቅሁለት።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ኮርኔሊያ አንደኛው ሥራ ፈት ነውና ይጥፋ ብለው በየዓመቱ ያነሳሉ። ኔኔ ቪርጂልም በየዓመቱ ያችኑ ይመልሳሉ፤ «ይሄ ቢሞትስ?»

እንዲህ ሲሉ የኖሩ ሰው ሁለት ማድረግ ያቃታቸው ራሳቸውን ነበር። ፈቃድ ወጥተው አያውቁም። በዚህ ጸደይ ልጃቸው ሩክሳንድራ ቱልቻ ከተማ ልታገባ ሆነ፣ ያውም ቅዳሜ። ጀልባ ቅዳሜ አያውቅም፤ እኛም እንሠራለን። እሳቸው ሥራ ጨርሼ ለእራቱ እደርሳለሁ አሏት። ልጅቷ ቢሮ ድረስ መጣች። ሁላችንም አቀርቅረን የምንሠራ መሰልን፤ ጆሯችን ግን እነሱ ጋ ነበር።

«አባዬ፣ ለኮምፒውተሮቹ ሁለት አለህ» አለቻቸው። «እኔ ሌላ አባት የለኝም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከኪሳቸው ሁለተኛውን አውጥተው አደረጉ። እሱም አልረዳቸውም።

ዓርብ ማታ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ፤ የክፍሌ በር ከበራቸው አጠገብ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። «ቶዴር፣ አንደኛው ሰርቨር ‹ጓደኛዬ ሞቷል› ካለህ አትመነው» አሉኝ። «ሂድና በዓይንህ እይ። በሕይወት እያለ ድርሻውን ከወሰዱበት፣ አንድ ቁጥር ለሁለት ይታደላል። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይሰማል?» አንዳች ነገር ከተበላሸ ግን እንድደውልላቸው፣ ልጃቸው አክሊል ሳትደፋም ቢሆን ተነስተው እንደሚመጡ ነገሩኝ። እንደሚያደርጉት አውቃለሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ማቀዝቀዣ ሊሰቅሉ የመጡ ሠራተኞች ደረጃው ጋ ግድግዳ ሲበሱ ሁለቱን ሰርቨሮች የሚያገናኘውን ሽቦ በጠሱት። የታችኛው ሰርቨር ስክሪን ቀላ፣ ሳጥኑም ይጮህ ጀመር። ጓደኛዬ አይመልስም ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ሞቷል፣ ድርሻውን ውሰድ» የሚል ቁልፍ አለ። ወይዘሮ ኮርኔሊያ ጩኸቱን ሰምተው መጡና ተጫነው አሉኝ።

«ተጫነው እንጂ ቶዴር» አለች ቬታም። «ሙት አይቆጣህም።»

ዳይሬክተሯን እምቢ ብዬ አላውቅም። ጣቴ ራሱ ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር፤ ምን እንደመለሰው እንጃ። «መጀመሪያ... ልየው» አልኩና ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

የላይኛው ፎቅ ሰዎች የሱፍ ፍሬያቸውን እየቆረጠሙ ይሠራሉ። ሽቦ መበጠሱን የሰማም የለ። ጣሪያው ሥር ያለው ሰርቨር አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ትላለች። ታችኛውም እንደዚሁ ሲያድል ነው የተውኩት። ከሁለቱ ጓደኛው ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ ግን እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ያድላል፣ የሌላውን አይነካም። በዚያ ሳጥን ስንት ዓመት ሙሉ ነው የሳቅነው?

ወይዘሮ ኮርኔሊያ ከታች ሆነው ሞቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«የለም፣ አለ» አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጮክ ብዬ የተናገርኩ አይመስለኝም። ሴትዮዋም ቁልፉን ትተው ሽቦውን የሚቀጥል ሰው ሊያስጠሩ ሄዱ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ኔኔ ቪርጂል ናቸው። ከበስተኋላቸው ቫዮሊንና አኮርዲዮን ይሰማል፤ እንደ ወጉ ሙሽራዋን በሙዚቃ እያለበሷት ነው መሰለኝ።

«ቶዴር፣ እንዴት ናቸው?»

ሽቦ የምትለዋ ቃል ከአፌ ካመለጠች መኪናቸው ውስጥ ናቸው።

«ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ኔኔ ቪርጂል።»

«እኔ አላስፈልግም ማለት ነው?»

«እዚህ አያስፈልጉም።»

ልጅቷ ስትጠራቸው ሰማሁ። ስልኩን ሳይዘጉ ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ፤ ሙዚቃው እየታፈነ፣ ሰው በእግሩ ወለል ሲመታ፣ ኔኔ ቪርጂልም ሲያለከልኩ ይሰማል። ይጨፍራሉ። እኔም አልዘጋሁትም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ስልኩን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ሙዚቃው እስኪያልቅ ሁለታችንም እዚያው ነበርን።