ጀሪካን ፈቃድ አይጠይቅም

«እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ውሃ የሚቀዳለት ሌላ ሰው አለው ማለት ነው! ይህን የምላችሁ በሰው ለመፍረድ አይደለም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ «ዝም አይነቅዝም» ስል የኖርኩ ነኝ። ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ «አስተያየት ያለው?» ሲባል ነጠላዬን አስተካክላለሁ፤ ሲያልቅ ቤቴ እገባለሁ። በዚህ ሁኔታ ብዙ መንግሥት አሳልፌያለሁ።

ከዚያ የሰፈራችን ቦኖ ተበላሸ።

ቦኖው ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጠብ አላለም። ያለን ወንዝ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ከታች ነው። መውረዱስ ደግ፣ መውጣቱ... ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ብቻዬን ስለምኖር አንዷን ጀሪካን ለሦስት ቀን አብቃቃታለሁ። ፊቴን የታጠብኩበት እግሬን ያጥባል፤ እግሬን ያጠበው ጎመኑን ያጠጣል። ጎመኑ ቅር ብሎት አያውቅም፤ እኔ ግን ብሎኛል።

የውሃ ኮሚቴ አለን። አባላቱ አምስት ናቸው፤ አምስቱም ወንዶች። ከአምስቱ አንዱን እንኳ ጀሪካን ተሸክሞ አላየሁም። የሚሰበሰቡት ጧት ነው፤ እኛ ወንዝ ስንወርድ። ቦኖው ደኅና ሳለ ግን መጀመሪያ የሚቀዳው ለማን ቤት ነበር? አትጠይቁኝ።

ነገሩን የጀመረችው ጎረቤቴ ሰናይት ናት፤ መምህርት ናት። አንድ ቀን እኔንና ብርነሽን ሰበሰበችን። ብርነሽ ጠላ ትሸጣለች፤ ድምፅዋ ያለ ማጉያ ገበያ ይደርሳል።

«ዜጋ መብቱን የሚጠይቅበት መንገድ ብዙ ነው» አለች ሰናይት በጣቷ እየቆጠረች። «ማመልከቻ፣ ፊርማ፣ ስብሰባ ላይ መናገር፣ ፌስቡክ ላይ መጻፍ...»

«ኔትወርክ ሲመጣ!» አለች ብርነሽ።

«ሰላማዊ ሰልፍም አለ።»

«እኔ መጮህ አልችልም» አልኩ።

«እርስዎ ይጽፋሉ፣ እማማ። ጽሕፈትዎ እኮ ያምራል!»

እንግዲህ በእኔ ዘመን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ድክመቱ ይኸው ነው። ስድብ ይችላል፣ ረኃብ ይችላል፤ ጽሕፈቱን ካመሰገኑት ግን አለቀለት።

ጻፍኩ። አንድ፦ ቦኖው ይጠገን። ሁለት፦ ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሴቶች ይግቡ።

«ሦስትም አለ!» አለች ብርነሽ። «የኮሚቴ አባል የሆነ ሁሉ ከሕዝብ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ይቅዳ! ይጻፉት እትዬ! ያስምሩበት!»

አሰመርኩበት። ያውም በማስመሪያ።

የሰፈሩ ሴት ሁሉ ፈረመ፤ መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ማመልከቻውን ለሚመለከተው ቢሮ አስገባን። ስሙን አልጠራም፤ ጎረቤታሞች ነን። መጀመሪያ «ተመርቷል» አሉን። ቀጥሎ «በሂደት ላይ ነው» አሉን። በሦስተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። ኃላፊው በመስኮት ይታዩናል... ብቻቸውን ይሰበሰቡ ነበር።

«በቃ፣ ሰልፍ እንውጣ!» አለች ብርነሽ።

«ሰው ለማሰለፍ አስቀድሞ ማሳወቅ አለብን» አለች ሰናይት። «ያውም በማመልከቻ።»

ብርነሽ ትንሽ አሰበች። «ጀሪካን ለማሰለፍስ?»

እዚህ ላይ ለሩቅ አገር አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ቦኖ ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ዕቃ አይደለም፤ ሰው ነው። ባለቤቱ ቅዳሴ ሊሄድ፣ ለቅሶ ሊደርስ ይችላል፤ ጀሪካኑ ወረፋውን ይጠብቅለታል። የሰው ጀሪካን ከወረፋ ማንሣት ድንበር ከመግፋት እኩል ነው። በድንበር እንኳ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል።

በገበያው ቀን ማለዳ፣ የቢሮው ግቢ በር ላይ፣ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረባትን ቢጫ ጀሪካኔን ከሁሉም ፊት አስቀመጥኩ። ከሁሉም ፊት ያስቀመጥኩት ልምራ ብዬ አይደለም፤ ቶሎ ደርሼ ቶሎ ልመለስ ብዬ ነው። ከኋላዬ ብርነሽ፣ ከዚያ ሰናይት፣ ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች አስቀመጡ። ጀሪካኖቻችንን ትተን ጥላ ሥር ተቀመጥን።

በአገራችን ወረፋ ያየ ሰው «ለምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «መጨረሻው የቱ ጋ ነው?» ነው የሚለው። ገበያ የመጣው ሁሉ አየ፤ ውሃ ሊታደል ነው ብሎ ጀሪካኑን ደረደረ። ጀሪካን ያልያዘው ገዝቶ ደረደረ! ከሰቆጣ ዙሪያ ማር ይዘው የመጡ አባት የማር ቅላቸውን ደረደሩ። ረፋዱ ላይ ወረፋው ግቢውን ዞሮ ገበያው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰናይት ፈዛ ቀረች። «እማማ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ማን ቀሰቀሰው?» አለችኝ።

«ጥም» አልኳት።

በዚህ መሀል ኃላፊው በመኪና ሊወጡ መጡ። በሩ በጀሪካን ተዘግቷል።

«ይህን አንሣልኝ!» አሉት ዘበኛውን።

«የሰው ወረፋ ነው፣ ጌታዬ።»

«ፕላስቲክ ነው!»

«ሰባተኛው የሚስቴ ነው። እኔ ማታ ቤቴ እገባለሁ፣ ጌታዬ።»

ኃላፊው ተናደው ከመኪናው ወረዱና በሩ ዳር ያለችውን ጀሪካን ራሳቸው አነሡ። በእንጨት ውታፍ የተደፈነች፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር የተቋጠረባት ናት። አገላብጠው አዩዋት።

«ይቺ... የእኛ ቤት አይደለችም እንዴ?»

«አስቀምጣት!» አለ አንድ ድምፅ ከጥላው ሥር። ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸውም ውሃ ሊታደል ነው ብለው ነው የመጡት። «በማለዳ ሮጬ የያዝኩትን ወረፋ! ሌላውን ሥራህን ስትጨርስ ይህን ልታፈርስ መጣህ? አስቀምጣት እልሃለሁ!»

አስቀመጡ። ቀስ ብለው፣ ከነበረችበት ሳትዛነፍ።

ከዚያ ላባቸውን ጠርገው፣ «መሪያችሁ ማን ነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ መጀመሪያዋ ጀሪካን ዞረ።

«ባለ ሰማያዊ ጨርቋ የማን ናት?»

«የእትዬ!» አለች ብርነሽ፤ ገበያው ሰማ።

ተነሣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተናገርኩት ንግግር ይህ ነው፦ «ማመልከቻው ጠረጴዛዎ ላይ አለ። ጽሕፈቱ ይነበባል።»

በሳምንቱ ቦኖው ተጠገነ። ሁለት ሴቶች ኮሚቴ ገቡ፤ ብርነሽና እኔ። የቦኖው ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ሦስተኛውም ነጥብ ቃል በቃል፣ ከነመስመሩ ጸደቀ።

ስለዚህ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ቦኖው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ሕዝቡ እየቀዳ ነው። ባለ ሰማያዊ ጨርቋ ጀሪካኔ ከወረፋው መጨረሻ ናት፤ ከፊቷ የብርነሽ አለች።

«እትዬ» አለችኝ ብርነሽ ቅድም፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ «ያንን ሦስተኛ ነጥብ ማን ነው ያመጣው?»

«አንቺ።»

«እኔስ አፈኛ ነኝ! እርስዎ ዝምተኛዋ ለምን ጻፉት?»

«ጽሕፈቴ ያምራል አላችሁኛ!»